የአደራ ቤተሰብ ለመሆን ኦንላይን ስታመለክቱ የት ላይ ቀራችሁ?

የማታ ፈረቃ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ታገሡኝ።

እኔና ባለቤቴ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ በአደራ ከተቀበልን ሰባት ወር ሆነን። አሁን እዚሁ አጠገቤ ተኝታለች። የአደራ ቤተሰብ ማለት ከወላጆቹ ጋር መኖር ያልቻለን ልጅ ቤቱ ተቀብሎ የሚንከባከብ ቤተሰብ ነው። ስለ እሷ ግን አልጽፍም፤ ታሪኳ የራሷ ነው። የምጽፈው ስለ ማመልከቻው ነው።

ሦስት ጊዜ ነው የሞላነው። እኔ ማታ እሠራለሁ፤ እሱ ቀን ይሠራል። አብረን የምንቀመጥበት ሰዓት በጣም ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ገጽ 9 ላይ ስንደርስ የጤና ምርመራ ውጤት አያይዙ አለን። አልነበረንም። ዘልለን ለማለፍ ሞከርን፤ እምቢ አለ። ሴቭ የሚል ቁልፍ ፈለግን፤ የለም። ኮምፒውተሩን ሳንዘጋው ተኛን። ጠዋት ስንነሳ “ጊዜዎ አልቋል፣ እንደገና ይጀምሩ” ይላል። ድካማችንን ውሃ በላው።

ሁለተኛ ጊዜ የሐኪሙን ወረቀት ይዘን ተመለስን። በስልኬ ፎቶ አንስቼ አያያዝኩት። መጨረሻ ላይ “ላክ” ስል ፎቶው ከተፈቀደው መጠን በላይ ነው ብሎ ሁሉንም አጠፋው። መጠኑ ስንት መሆን እንዳለበት ከፊት ለፊት የሚናገር ነገር አልነበረም።

ሦስተኛው ተሳካ። “ማመልከቻዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን” አለ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ሳምንት ዝም።

ያን ሁሉ ሳምንት “አልተፈለግንም ማለት ነው” ብዬ ነው ያሰብኩት። ባለቤቴ እንተወው አለኝ። እኔም ልቤ ቆርጦ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ከሥራ ስወጣ ማመልከቻውን ወደሚቀበለው ቢሮ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ በጣም ጥሩ ሰው ነች። ፈልጋ ፈልጋ አገኘችው። “ያልተሟላ” ተብሎ ተቀምጧል። ምክንያቱ የመታወቂያችን የጀርባ ገጽ ፎቶ አልከፈት ማለቱ ነው። ያንኑ ቀን መልሼ ላክሁላት፤ በሁለተኛው ቀን ለቃለ መጠይቅ ተጠራን።

አሁን ቢሮው ፎርሙን ሊቀይር ነው። ለቤተሰቦች “ሐሳባችሁን እስከ ዓርብ ላኩ” ብሎናል። የኔን ብቻ መላክ አልፈለግሁም። ምክንያቱም እኛ ጨርሰናል። ፎርሙ የሚያውቀው የጨረሱትን ነው። መሃል ላይ ትተውት የሄዱትን ማንም አይጠይቃቸውም። ለእነሱ ነው ይህን የከፈትኩት። የት ላይ ቀራችሁ?

ጀማሪ፦

እህቴ፣ ይህን ስላነሳሽ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ አሁን መሃሉ ላይ ነኝ።

ብቻዬን የምኖር ወንድ ነኝ፤ 41 ዓመቴ ነው። ገጽ 3 ላይ “የባለቤት ሙሉ ስም” ይላል። ቀይ ኮከብ አለበት፤ ካልሞላሁት አያሳልፈኝም። “የለኝም” ብዬ ጻፍኩ፤ አለፈ። ቀጥሎ የባለቤትዎን መታወቂያ ያያይዙ አለ። የራሴን ደገምኩት። አሁን ሌሊት ሌሊት የማስበው “ዋሽቷል ይሉኛል” የሚለውን ነው። እኔ እኮ ለመዋሸት አልነበረም።

መመሪያውን አንብቤዋለሁ። ላጤ ማመልከት ይችላል ይላል በግልጽ። ፎርሙ ግን እኔን የመሰለ ሰው ሊመጣ ይችላል ብሎ አላሰበም። ያ ነው ከሁሉ በላይ የከበደኝ።

ሶሻል ወርከሯ፦

እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ነኝ። አመልካቾችን ቤታቸው ድረስ ሄጄ የማየውና የቤት ጥናቱን፣ ማለትም ቤቱ ለልጅ ይሆናል ወይ የሚለውን ሪፖርት፣ የምጽፈው እኔ ነኝ። የምሠራበትን ቦታ አልጠቅስም።

“ላክ” የሚለውን ከተጫናችሁ በኋላ በእኛ ዘንድ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ማመልከቻው ኢሜይል ሆኖ ይመጣል። አንድ ሰው ይከፍተዋል። ከዚያ ስማችሁን፣ አድራሻችሁን፣ ሁሉንም ነገር እንደ አዲስ በእጁ ወደ ሌላ ሲስተም ይገለብጣል። የማይከፈት ፎቶ ካለ ፋይሉ “ያልተሟላ” ወደሚባል ማህደር ይሄዳል። ያ ማህደር ባለቤት የለውም። ማን ይደውል የሚለው የትም አልተጻፈም። የማታ ፈረቃ፣ አሥራ አንድ ሳምንትሽ እዚያ ነው የገባው። ክፉ ሰው ኖሮ አይደለም። ይህ የኔ ሥራ ነው የሚል ሰው ስለሌለ ነው።

ፎርሙ ለምን እንዲህ ረዘመ? አንድ ችግር በተፈጠረ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጨመራል። የውሻ ጥያቄ ከአንድ ጉዳይ መጣ። የበረንዳ መከለያ ጥያቄ ከሌላ ጉዳይ መጣ። እያንዳንዱ ጥያቄ ጥሩ ምክንያት አለው። እዚህ ቢሮ በሠራሁባቸው ዓመታት ግን አንድም ጥያቄ ሲሰረዝ አላየሁም።

በመጀመሪያው ቀን እኔ የምፈልገው ትንሽ ነው። ስም። ስልክ። የት እንደምትኖሩ። በቤቱ ውስጥ ማን ማን እንዳለ። በየትኛው ሰዓት ብደውል እንደሚመቻችሁ። እና ማጣሪያ እንዲደረግባችሁ መፍቀዳችሁ። በቃ። የፖሊስ ማስረጃው፣ የጤና ምርመራው፣ የምስክሮቹ ቃል፣ ሥልጠናው፣ የቤት ጉብኝቱ፣ አንዱም አይቀርም። በየተራው ይመጣል። ያኔ የሚጠይቃችሁ ስሙን የምታውቁት ሰው ነው።

የጤና ማስረጃውን በመጀመሪያ ቀን መጠየቅ ሌላም ጣጣ አለው። እኛ ጋ ማስረጃው የሚያገለግልበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ብዙ ጊዜ የቤት ጥናቱ ሳያልቅ ጊዜው ያልፍበትና ሰውየው እንደገና ይመረመራል።

ጥብቅ፦

ብትቆጡኝም የመሰለኝን ልናገር። እኔ ፎርሙ ከባድ ቢሆን አልቃወምም።

ልጅ ማሳደግ ከፎርም ይከብዳል። በተለይ ብዙ ነገር ያየ ልጅ። ሦስት ገጽ ሞልቶ የሚሰለች ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚያለቅስ ልጅ እንዴት ይችላል? ደግሞ ልጅ ሊጎዳ የሚፈልግ ሰው አለ። በሩ ሲቀል ለእሱም ይቀላል። በዘመዶቼ መካከል በደንብ ሳይጣራ ሰው ቤት የተሰጠ ልጅ ነበር። የደረሰበትን እዚህ አልጽፈውም። ስለዚህ ወንፊቱ ይጥበቅ ነው የምለው። መቶ ሰው ቢቀር ይሻለኛል።

በአደራ ያደግሁ፦

ወንድሜ ጥብቅ፣ አልቆጣህም። ስለዚያ ልጅ አዝኛለሁ። ግን እኔ አራት ቤት ኖሬያለሁና ያየሁትን ልንገርህ።

ከአራቱ አንዱ መጥፎ ቤት ነበር። የእነዚያ ሰዎች ወረቀት ሁሉ የተሟላ ነበር። አንድ ፊርማ አልጎደለም። ከዚያ ያወጣኝ ፎርም አልነበረም። ሳትነግራቸው የመጣች አንዲት ባለሙያ ነች። ለብቻዬ ወደ ውጭ ይዛኝ ወጣችና “እዚህ እንዴት ነህ?” አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ልጅ የሚጠበቀው እንደዚያ ነው።

ልጅ ሊጎዳ የሚፈልግ ሰው ትዕግሥት አያጣም። ገጹ 20 ቢሆን 20ውን ይሞላል። ፎቶው ካልገባ እስኪገባ ይሞክራል። መሃል ላይ የሚቀረው ማነው? ማታ ሠርታ የምትገባው ሴት ነች። ኮምፒውተር የሌለውና በስልኩ የሚሞክረው ሰው ነው። ጽሑፍ የሚያስቸግረው፣ ግን ቤቱ የሞቀ ሰው ነው። ያ ወንፊት የሚያስቀረው የተሳሳተውን ሰው ነው።

ሌላም ነገር አለኝ። ይህን ጉዳይ ለማንም አውርቼው አላውቅም።

እኔና ታናሽ እህቴ በተለያየ ቤት ነው ያደግነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እሷ አምስት። በሳምንት አንድ ቀን እንገናኝ ነበር። ከዚያ በወር ሆነ። ከዚያ ቤቷ ተቀየረና ራቀች። አሁን ትልልቅ ነን፤ እንዋደዳለን። ግን አብሮ ያደገ ሰው የሚያወራው ነገር የለንም። “ያኔ ታስታውሺያለሽ?” ብዬ የምጀምረው ወሬ የለኝም።

ባለፈው ዓመት የማመልከቻ ፎርሙን ከፍቼ አየሁት። እኔም አንድ ቀን ልቀበል እፈልጋለሁ። “ስንት ልጅ መቀበል ይችላሉ?” የሚል ጥያቄ አለ። ሳጥኑ ውስጥ 1 ቀድሞ ተጽፎ ተቀምጧል። ካልነካችሁት 1 ሆኖ ይሄዳል።

ሰው ቀድሞ የተጻፈለትን ነገር አይነካም። ያውም በ12ኛው ገጽ ላይ፣ ደክሞት። ሁለት ልጅ መቀበል የሚችል ቤት፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የአንድ ልጅ ቤት ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያ ሁለት ወንድማማቾች ሲመጡ ሲስተሙ “ቦታ የለም” ይላል። እኛን የለየን ይህ ሳጥን ነው አልልም፤ በእኛ ጊዜ ሁሉም በወረቀት ነበር። ግን ስንቱን ሊለይ እንደሚችል ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የተቀበለው የሕፃናት አማራጭ እንክብካቤ መመሪያ አለ። ወንድማማቾችና እህትማማቾች በመርህ ደረጃ መለያየት የለባቸውም ይላል። ግልጽ የጥቃት አደጋ ሲኖር ወይም ለልጁ ጥቅም ሲባል ብቻ ነው ልዩነቱ። ይህን መርህ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ሳጥኑ ውስጥ ያለችው 1 ግን ከመርሁ ቀድማ ትደርሳለች።

የማታ ፈረቃ፣ ከምትልኪው ሁሉ ይህችን አትርሺብኝ።

የማታ ፈረቃ፦

አነበብኩት። ሁለት ጊዜ። እኛም 1 ብለን ነው ያለፍነው። አስበንበት አልነበረም። ተጽፎ ስላገኘነው ነው።

አንደኛ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ፎርም ሠሪው፦

የኔ እንጀራ ዌብሳይት ላይ ፎርም መሥራት ነው። ለሕፃናት ጉዳይ ሠርቼ አላውቅም፤ ግን እዚህ የተጻፉት ችግሮች በሙሉ የታወቁ ናቸው። መፍትሔያቸውም የታወቀ ነው። ቢሮው “አይቻልም” ቢላችሁ አትመኑ።

ደብሊው ስሪ ሲ የሚባለው የድረ ገጽ መስፈርት የሚያወጣው ተቋም፣ ዌብሳይት ለሁሉም ሰው እንዲመች የሚያዝ መስፈርት አለው። ስሙ ደብሊው ካግ ነው። 2.2 የሚባለው እትም በጥቅምት 2023 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። እዚያ ውስጥ ለዚህ ውይይት የተጻፉ የሚመስሉ ነገሮች አሉ። በአንድ ሂደት ውስጥ አንድ ጊዜ የሞሉትን ነገር ፎርሙ መልሶ እንዳይጠይቅ ይላል፤ ወይ ራሱ ይሙላው፣ ወይ ከነበረበት እንዲመርጡት ያቅርብ። አድራሻ ሦስት ቦታ መጻፍ ቀረ ማለት ነው። ጊዜ የሚያልቅበት ገጽ ደግሞ ወይ ሰውየው ጊዜውን አስቀድሞ እንዲያጠፋው ወይም እንዲያስረዝመው ይፍቀድ፣ ወይ ከማለቁ በፊት አስጠንቅቆ በቀላሉ ለማራዘም ቢያንስ 20 ሰከንድ ይስጥ። ይኼኛው ከድሮውም የነበረ ነው። ከዚያ ከፍ ባለው የመስፈርቱ ደረጃ፣ የተጻፈው ነገር ሰው ምንም ሳይነካ ከ20 ሰዓት በላይ የማይቆይ ከሆነ፣ ስንት ደቂቃ ዝም ካለ እንደሚጠፋበት አስቀድሞ ይነገረው ይላል።

የማታ ፈረቃ፣ አንቺ ኮምፒውተሩን ከፍተሽ የተኛሽው ለስምንት ሰዓት ያህል ነው ብንል፣ ይህን መስፈርት የሚያከብር ፎርም ወይ ጠዋት ይጠብቅሽ ነበር፣ ወይ ማታውኑ እንደሚጠፋ ይነግርሽ ነበር።

ስለ ፎቶው። ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ትልቅ ነው። ሰውየው አሳንሶ እንዲያመጣ መጠየቅ ስህተት ነው፤ ፎርሙ ራሱ ያሳንሰው። ፎቶው እንደገባ ወዲያው ከፍቶ ያሳየው፣ “ይነበባል?” ብሎ ይጠይቀው። ያ አንድ ጥያቄ ቢኖር የአሥራ አንድ ሳምንቱ ታሪክ አይፈጠርም ነበር።

ጀማሪ፣ ያንተ ጉዳይ ከሁሉ ቀላል ነው። መጀመሪያ “ከማን ጋር ይኖራሉ?” ብሎ ይጠይቅ። ብቻዬን ካልክ የባለቤት ገጽ ጨርሶ አይምጣብህ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ግን አለ። ሴቭ የሚለው ቁልፍ ሲመጣ ኃላፊነትም ይመጣል። እዚህ ፎርም ውስጥ የሰው ጤና አለ፣ የገቢው ልክ አለ፣ የልጅነት ታሪኩ አለ። ብዙ ሰው ደግሞ በሰው ኮምፒውተር ነው የሚሞላው። ስለዚህ ረቂቁ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን ቢሮው ጋ ይቀመጥ። መመለሻ ሊንኩ በስልክ መልእክት ይምጣ፣ ከኮድ ጋር። ሰውየው ትቶት ከሄደ ደግሞ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይሰረዝ፤ መቼ እንደሚሰረዝም ይነገረው። ይህን ሳያደርጉ ሴቭ ብቻ ቢጨምሩ ሌላ ጉዳት ያመጣሉ።

የልጅ ልጆቼ፦

ልጆቼ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የጎረቤት ልጅ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል።

ልጄ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ሁለት ልጆቿ እኔ ጋ ናቸው። ትልቁ ትምህርት ጀምሯል። እርዳታ እንዲኖራችሁ አደራ ቤተሰብ ተብለሽ ተመዝገቢ አሉኝ። እሺ አልኩ። ይኸው ልጅ ስልኩ ላይ ሞላልኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄ “አደራ ቤተሰብ ለመሆን ለምን ፈለጉ?” ነው። ምን ልበል? የልጄ ልጆች ናቸው። ቀጥሎ “ስንት ዓመት የሆነው ልጅ ይመርጣሉ?” አለ። እኔ የምመርጠው የለኝም። እነሱ እዚሁ ናቸው፤ አንዱ ጭኔ ላይ ተኝቶ ነበር። “ልጁ አሁን ከእርስዎ ጋር ነው?” የሚል ጥያቄ የለም። ቢኖር አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር።

የይለፍ ቃሉንም የያዘው እሱ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፤ አምነዋለሁ። ግን ሌላው አሮጊት እንዲህ ያለ ጎረቤት ላይኖራት ይችላል። ስልክ ደውዬ ተናግሬ ብመዘገብ ምን ነበረበት?

ሶሻል ወርከሯ፦

እማማ፣ እግዜር ያጽናዎት። የሚሉት ሁሉ ልክ ነው። የዘመድ እንክብካቤ የሚባለው የራሱ መንገድ ነው። ልጁ ቤት ውስጥ ካለ ጥያቄው “ልጅ ማን እንስጥዎት?” ሳይሆን “ምን እናግዝዎት?” ነው የሚሆነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ “አስቀድመው የሚያሳድጉት ልጅ አለ?” የሚል አንድ ጥያቄ መኖር አለበት። አዎ ካሉ የሚከፈተው ሌላ አጭር ፎርም ይሁን።

ስልኩንም እደግፋለሁ። ኦንላይን ማድረግ ማለት ስልኩን መዝጋት ማለት አይደለም። ደውለው የሚናገሩትን እኛ በራሳችን እጅ እዚያው ፎርም ላይ ብንሞላው ሃያ ደቂቃ ነው። እኛው አይደለን ድሮውንም የምንገለብጠው?

ጥብቅ፣ ላንተም አንድ ነገር ልበል። “መቶ ሰው ቢቀር ይሻለኛል” ብለሃል። ልጁ ሲጠብቅ ግን ቆሞ አይጠብቅም። በሩማንያ፣ ቡካሬስት፣ በ2000 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ የተጀመረ ጥናት አለ። በማሳደጊያ ተቋም የነበሩ 136 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሹ አደራ ቤተሰብ ገባ፤ ግማሹ እንደ ወትሮው ቀጠለ። የመጀመሪያው ትልቅ ውጤት በ2007 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተመ። ቤተሰብ የገቡት ልጆች በአእምሮ እድገት በልጠው ተገኙ። በይበልጥ ደግሞ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ “ያልተሟላ” የሚለውን ማህደር ሳይ የማየው ወረቀት አይደለም። ወራት ነው የማየው።

ጥብቅ፦

አንብቤ ቆየሁ። በአደራ ያደግሁ፣ ስለ ወረቀታቸው የተሟላ ሰዎች ያልከው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። የእኛም ሰዎች ወረቀታቸው ሙሉ ነበር። አሁን ነው ያስታወስኩት።

ግን ከባድ የሆኑት ጥያቄዎች እንዲሰረዙ አልፈልግም። ሰው ሲቆጣ ምን እንደሚያደርግ፣ በልጅነቱ እንዴት እንደተቀጣ፣ እነዚህ ይጠየቁ።

ሶሻል ወርከሯ፦

ይጠየቃሉ። ፊት ለፊት። እነዚህን በሳጥን ውስጥ የሚጽፍልኝ ሰው የሚጽፈው ጥሩ መልስ ነው። ቁጭ ብለን ስናወራ ግን ዝም የሚልበትን ቦታ አያለሁ። እኔ ከመልሱ ይልቅ ያ ዝምታ ይነግረኛል። ጥያቄውን ከፎርሙ ማውጣት ማለት ማቅለል አይደለም፤ ወደሚሠራበት ቦታ መውሰድ ነው።

ጀማሪ፦

አንድ የምፈራው ጥያቄ አለ። እዚህ ስም ስለሌለ ልጠይቅ።

“በወንጀል ተከሰው ያውቃሉ?” ይላል። አዎ ወይም አይ። በ19 ዓመቴ ከጓደኞቼ ጋር ተጣልተን ሰው ተመታ፤ ተከሰስኩ፣ ተቀጣሁ። ከ20 ዓመት በላይ ሆነው። እውነቱ “አዎ” ነው። አንድ የማውቀው ሰው ግን “አዎ” ስትል “መስፈርቱን አያሟሉም” ብሎ ይዘጋል አለኝ። ለዚህ ነው መሃል ላይ ያቆምኩት። የባለቤት ስም ሰበብ ብቻ ነበር።

ሶሻል ወርከሯ፦

ወንድሜ፣ ይህን ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። እውነቱን ጻፍ። ሁልጊዜ እውነቱን።

አንዳንድ ጥፋቶች አሉ፣ በተለይ በልጅ ላይ የተፈጸሙ፣ በሩን የሚዘጉ። መዘጋትም አለበት። ያንተ ዓይነቱ ግን በእኛ ዘንድ ይታያል። ምን ነበር፣ መቼ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሕይወትህ ምን መሰለ ተብሎ። ያን የሚወስነው ሰው ነው፤ ፎርም መወሰን የለበትም። “አዎ” ላለ ሰው የሚመጣው ሳጥን “ምን እንደነበር በራስዎ ቃል ይንገሩን፤ ባለሙያ ያነጋግርዎታል” ማለት አለበት። በሩን የሚዘጋ ፎርም ሰውን ውሸት ያስተምራል። እኔ ደግሞ ከድሮ ጠብ ይልቅ የሚያሳስበኝ ዛሬ የተደበቀ ነገር ነው።

ፎርም ሠሪው፦

በዚህ ላይ የምጨምረው ትንሽ ነው። የትኛውም “አይችሉም” የሚል ገጽ ላይ የሰው ስልክ ቁጥር ይኑር። አንድ ሰው ያየው ውሳኔ ይሁን።

በአደራ ያደግሁ፦

“ምን ዓይነት ልጅ ይፈልጋሉ?” ስለሚለው ገጽ ማንም አላነሳም። ዕድሜ፣ ፆታ፣ ጤና፣ እየተመረጠ ምልክት ይደረጋል። ዕቃ የሚያዝ ሰው ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ልጁ ፋይሉን ሊያነብ ይችላል። እኔ አንብቤያለሁ።

“ምን ዓይነት ልጅ መንከባከብ የሚችሉ ይመስልዎታል? ለዚያስ ምን እገዛ ያስፈልግዎታል?” ቢባል ያው መረጃ ይገኛል። እኔ ግን ሳነበው ሌላ ነገር ይሰማኛል።

የማታ ፈረቃ፦

ነገ ዓርብ ነው። መላክ አለብኝ። ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ የዝምታው ነገር ነው። ማመልከቻው የት እንደደረሰ የሚያሳይ ገጽ ይኑር ብዬ ልጻፍ? “ደርሶናል፣ እየታየ ነው፣ ቃለ መጠይቅ” እያለ የሚሄድ?

ሶሻል ወርከሯ፦

ጻፊው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። አንድ ቢሮ እንዲህ ያለ ገጽ ሠርቶ አይቻለሁ። የሚያድሰው ሰው አልተመደበም። አመልካቹ በየቀኑ ይከፍታል፤ ለሦስት ወር “እየታየ ነው” ይላል። ያም ዝምታ ነው።

እኔ ብሆን ሁለት ነገር ነው የምጠይቀው። የሰው ስምና ቀን። “ማመልከቻዎ ደርሶናል። የሚያነጋግርዎት እገሌ ነው። እስከዚህ ቀን ይደውልልዎታል። ካልደወለ በዚህ ቁጥር እርስዎ ይደውሉ።” ይህን ለመላክ አዲስ ሲስተም አያስፈልግም። ማን እንደሚደውል መወሰን ብቻ ነው የሚያስፈልገው። “ያልተሟላ” ለሚለው ማህደርም አንድ ባለቤት።

የማታ ፈረቃ፦

ላክሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የጨረስኩት። ሁለት ገጽ ሆነ። አንደኛው የቁጥሯ ሳጥን ነው። ሁለተኛው የሰው ስምና ቀን። ሦስተኛው “አስቀድመው የሚያሳድጉት ልጅ አለ?” የሚለው ከስልኩ ጋር፤ እማማ፣ ቃልዎን እንዳለ ነው የጻፍኩት። ከዚያ ሴቭ የሚለው ከነጥንቃቄው፣ ፎቶው፣ የባለቤት ገጽ፣ “አዎ” ላለ ሰው የሚመጣው ሳጥን፣ የምርጫው ገጽ። ጥብቅ፣ ያንተንም አስገብቻለሁ፤ ከባዶቹ ጥያቄዎች ፊት ለፊት ይጠየቁ፣ ያላሳወቁት ጉብኝትም ይብዛ ብዬ።

ጥብቅ፦

አየሁት። አመሰግናለሁ። የጉብኝቱ ነገር ከልብ ነው።

ጀማሪ፦

ዛሬ ፎርሙን ትቼ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የድሮውንም ጭምር። የሚያነጋግረኝን ሰው ስም ጠየቅሁ፤ ነገሩኝ። ማክሰኞ ይደውላሉ።

ሶሻል ወርከሯ፦

እኔ ደግሞ የኛን ፎርም ከፍቼ አየሁት። እኛም ጋ 1 ተጽፋለች። ስንት ዓመት እንደተቀመጠች የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ኮምፒውተሩን የሚከታተለው ልጅ ጋ ሄጄ ይህን ውይይት አስነበብኩት። ምንም አላለኝም። ከሰዓት በኋላ ደወለና “እይው” አለኝ።

ሳጥኑ አሁን ባዶ ነው። ከሥሩ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ “ወንድማማቾችን ወይም እህትማማቾችን አብረው መቀበል ይችላሉ?”

በአደራ ያደግሁ፦

ለእህቴ ላክሁላት።